የአሥራዎቹ ዕድሜ ዘፈኖች

ጥያቄ፦ በአሥራዎቹ ዕድሜዬ የወደድኳቸውን የፖፕ ዘፈኖች ዛሬም ከነግጥማቸው አስታውሳለሁ፤ ያለፈው ዓመት ዘፈኖች ግን አእምሮዬ ውስጥ አይቀሩም። የያኔዎቹ በእርግጥ ይበልጡ ነበር ወይስ ያደላሁት እኔ ነኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የትዝታ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሕይወቱን መለስ ብሎ ሲያስብ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ያሳለፈው ጊዜ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታየዋል፤ ፍቅርም፣ ጓደኝነትም፣ ከወላጅ የተለየ የራስ ምርጫም የሚጀመሩት በዚያ ወቅት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 የአንጎል ተመራማሪው ፔትር ጃናታ ባሳተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎች ከ8 እስከ 18 ዓመት ሳሉ ይደመጡ የነበሩ ዘፈኖችን ሲሰሙ፣ ትዝታ የቀሰቀሱባቸው ዘፈኖች ከግንባር በስተኋላ የሚገኘውን የአንጎል ክፍል ይበልጥ አነቃቅተዋል። ድግግሞሹም ቀላል አይደለም፦ ጥቂት ካሴት ብቻ የነበረው ወጣት አንዱኑ ዘፈን እያጠነጠነ ደጋግሞ ይሰማው ስለነበር፣ ግጥሙን ሳያስበው በቃሉ ይይዘው ነበር።

የጥራቱን ነገር በተመለከተ፣ ደካማዎቹ ዘፈኖች ከጊዜ ብዛት ተረስተው ምርጦቹ ብቻ ስለቀሩ ያለፈው ዘመን ሁልጊዜ የበለጠ ይመስላል። ሆኖም በእኔ እምነት ለዚያ ፍቅር ማስረጃ ማቅረብ አይጠበቅብዎትም፤ በዚያ ዕድሜ ልብን የነካ ዜማ፣ ሐያስያን ቀላል ነው ቢሉት እንኳ፣ ለሰሚው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የሚወዱትን አልበም ዘፈን ሳይዘልሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያድምጡት፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን ገና ሳይጀምር ማንጎራጎርዎ አይቀርም።