መልስ፦ ፋብሪካው የጠየቀው የአንድ ዓመት ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ሰፈርዎ አጠገብ ያለው ፋብሪካ የጭስ ማጣሪያ እስኪገጥም የአንድ ዓመት ጊዜ መጠየቁ ሕጋዊ መሆኑን ጠይቀዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለተወሰነ ጊዜ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃውን ከማሟላት ግዴታ ነፃ ማድረግን ስለሚፈቅድ፣ ጥያቄው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ውሳኔው ግን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ እንጂ የፋብሪካው አይደለም። የማጣሪያ ግዢ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ሊዘገይ እንደሚችል ይገባኛል፤ ሆኖም የቦይለሩን (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨውን ማሽን) ማቃጠያ ማጽዳትና የአየርና የነዳጅ ምጣኔውን ማስተካከል ጥቁሩን ጭስ ከወዲሁ ስለሚቀንስ፣ ይህን እንኳ ያልሠራ ድርጅት ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም ባይ ነኝ። በተሰጣ ልብስ ላይ የሚያርፈውን ጥላሸት ፎቶ አንሥተው ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ማንኛውም ሰው የግል ጉዳቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠዎት ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላሉ።