መልስ፦ የታይሮይድ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ በዛ

እህቴ፣ ፒቲዩ (የበዛ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንስ ክኒን) ከጀመርሽ 3 ወርሽ ነው፤ በፊት በሁለት ወር አንዴ ጠብ ይል የነበረው ደም አሁን 8 ቀን ይቆያል ብለሻል። መለየት ያለበት፣ መድኃኒቱ ሠርቶ ነው ወይስ ከልኩ አልፎ የሚለው ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የወር አበባ ይሳሳል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሆርሞኑ ሲስተካከል ዑደቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ትንሽ ለለመደች ሴት ይሄው ራሱ ብዙ ይመስላል። የክኒኑ መጠን በጊዜው ካልተቀነሰ ግን ሆርሞኑ ከመደበኛው በታች ይወርዳል። ያኔ ደሙ በእርግጥ ይበዛል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ድካምና የሆድ ድርቀት ይመጣል።

ስለዚህ ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) እና ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው የአንጎል ሆርሞን) የደም ምርመራ አሠሪ፤ በሕክምናው መጀመሪያ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መታየት አለበት። ቲኤስኤች ብቻውን ያሳስታል፦ ቲ4 ከወረደም በኋላ ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ እሱን ብቻ አይቶ መጠን መጨመር ስህተት ነው። የደም ማነስ መኖሩን ለማወቅ ሄሞግሎቢንም አብሮ ይለካ።

የወር አበባሽ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አይቅር፤ ዑደት ሲመለስ መፀነስም ይመለሳል። ሌሎቹን የታይሮይድ ክኒኖች፣ ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል፣ ለሚወስዱ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንስን ሊጎዱ ይችላሉና።

በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ ወይም ድድሽ ከደማ ዛሬውኑ ሂጂ። ክኒኑን በራስሽ አታቁሚ፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በጣም ሊያወርድ ስለሚችል፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ አቁመሽ በዕለቱ የነጭ ደም ሴል ቆጠራ አሠሪ።