«50 በመቶ ቅናሽ» የተባለውን ብስክሌት አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ጠብቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደምትኖርና ብስክሌቱን ለሥራ መመላለሻ እንደምትፈልገው ጽፈሃል። አሜሪካ ውስጥ ሰኔና ሐምሌ ሁሉም ሰው ብስክሌት የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ሱቁ ለምን ብሎ ይቀንስልሃል?

ደህና ቅናሽ የሚገኘው ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ነው። የመጪው ዓመት ሞዴል ሲገባ የቆየው ቦታ መልቀቅ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከቀለም አያልፍም።

እስከዚያው እንዲህ አድርግ፦

1. የሞዴሉን ስምና ዓመት ያዝና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ መነሻ ዋጋውን እይ። «900 ዶላር ነበር» የተባለው ድሮም 650 ሊሆን ይችላል።

2. ልትገዛ ስትሄድ ከዋጋው አንወርድም ካሉህ ቁልፍና ሄልሜት እንዲጨምሩልህ ጠይቅ። የመጀመሪያውን ሰርቪስም በነፃ ይሥሩልህ። የአዲስ ብስክሌት የፍሬንና የማርሽ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚላላ ማስተካከያ ይፈልጋል። እዚህ አገር ዋጋ አይከራከሩም የሚሉህን አትስማ፤ እኔ መርካቶ የተማርኩትን እዚህም እጠቀምበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ የብስክሌቱ መጠን ለቁመትህ ልክ ይሁን። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ወይ በጣም ትልቁ ወይ በጣም ትንሹ ነው። እኔ ቁመቴ 1.70 ሆኖ፣ 40 በመቶ ቀንሷል ብዬ ለረጅም ሰው የሚሆን 58 ቁጥር ፍሬም ገዛሁ። ሻጩም «ኮርቻውን ዝቅ እናደርገዋለን» አለኝ። መሪው ግን ራቀኝ፣ ወገቤም አለቀ። በሦስተኛው ወር በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ሳትነዳው እንዳትከፍል።