ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሲያስሉ የሚያመልጥ ሽንት እና የመቀነቱ ጣጣ

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ እኖራለሁ፤ ጣና ዳር ዓሣ ተቀብዬ እየበለትኩ እሸጣለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 14 ወር ሆነኝ። ምጡ ረዝሞብኝ በመሣሪያ ነው የወለድኩት። ከዚያ ወዲህ ሳስል፣ ስስቅ፣ ሳጥን ሳነሳ ሽንቴ ያመልጠኛል። እናቴ «ማህፀንሽ እንዳይወርድ» ብላ ወገቤን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራኛለች፤ እስካሁን አልተውኩትም። ከፋርማሲ ሲፕሮ ሦስት ጊዜ ገዝቼ ወሰድኩ፣ ለውጥ የለም። ስሰግድ ስለሚያመልጠኝ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቻለሁ። የትኛው መድኃኒት ይሻለኛል?

መልስ፦ የጠየቁት ስለ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ረጅም ምጥ፣ የሚያመልጥ ሽንት፣ ከሰው መሸሽ ሲባል በእኛ አገር ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፌስቱላን ነው። እርስዎም ቃሉን ለመጻፍ አልደፈሩም እንጂ ሳያስቡት አልቀሩም። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

እንደ ገለጹልኝ ከሆነ ፌስቱላ አይመስልም። ፌስቱላ በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ሳልና ሳቅ አይጠብቅም። ተኝተውም ተቀምጠውም፣ ሌሊትም ቀንም ይንጠባጠባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በወሊዱ ማግሥት ባሉት ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ግድም ነው። ቤትዎ ሆነው ይህን ይሞክሩ፦ ሽንትዎን ጨርሰው ይሽኑ፣ ደረቅ ሞዴስ ያድርጉ፣ ለአንድ ሰዓት ጋደም ይበሉ። ሞዴሱ ደርቆ ከቆየ ትልቅ እፎይታ ነው። ከረጠበ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ሲንቀሳቀሱ ብቻ ሊያፈስ ስለሚችል፣ ደርቆ ቢገኝም ምርመራው አይቀርም፤ ምርመራው ግን ቀላል ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባና ብልት ውስጥ የተቀመጠው ጥጥ ቀለም መንካት አለመንካቱ ይታያል። ፌስቱላ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚሁ ባሕር ዳር አለ፤ ሕክምናውም በነፃ ነው።

እርስዎ ላይ የደረሰው የጡንቻ መርገብ ይመስላል። ከብልት በላይ ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር የተዘረጋ ጡንቻ አለ፤ ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዝ። በረጅም ምጥ፣ ይልቁንም በመሣሪያ በሚወለድበት ጊዜ፣ ይህ ጠፍር ይለጠጣል። ጠፍር ሲረግብ አልጋው መሐሉ እንደሚጎደጉደው ሁሉ፣ ሆድ ውስጥ ድንገት ግፊት ሲመጣ የሽንቱ በር አጥብቆ አይዘጋም። ደግነቱ ይህ ጠፍር ራሱን መልሶ መወጠር የሚችል ሕያው ጡንቻ ነው።

አሁን ስለ ሲፕሮ። ሦስት ጊዜ! ሽንትዎ አንድም ቀን ሳይመረመር! ሲፕሮ ጀርም ይገድላል እንጂ የረገበ ጡንቻ አይወጥርም። ጅማት ሊጎዳ ይችላል፣ ልጅዎ የሚጠባ ከሆነ ወደ ጡት ወተት ያልፋል፣ ጀርሞችም እየለመዱት ሲሄዱ የምር ሲያስፈልግዎት አይሠራልዎትም። ማቃጠል ወይም ትኩሳት ካለ የሽንት ምርመራ ይቀድማል። ከሌለ ፋርማሲው በር ላይ ምንም ጉዳይ የለዎትም።

ወደ መቀነቱ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ሳልበዛ አልቀርም። ግማሽ ድረስ እህል ያለበትን ስልቻ መሐሉን ጠፍረው ቢያስሩት እህሉ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይና ወደ ታች። ሆድም እንዲሁ ነው። አየር ስንስብ ከሳንባ በታች ያለው ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድ ወደ ፊት ይነፋል፣ የታችኛው ጠፍርም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስናወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሆድን በመቀነት ሲቆልፉት ግፊቱ በፊት በኩል መውጫ ያጣና እንዳለ ታች ያርፋል። እርስዎ ይህን 14 ወር ሙሉ፣ ከነሳጥኑ ሸክም ጋር አድርገውታል። ማህፀንን ደግፈው የሚይዙት ከውስጥ ያሉት ጅማቶችና ይኸው ጡንቻ ናቸው፤ ጨርቁ የሚደርሰው ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

«እናቶቻችን ታስረው ምን ሆኑ?» የሚል አይጠፋም። ማህፀናቸው የወረደባቸው ብዙ ነበሩ፤ አፍረው ዝም ስላሉ ነው ያልሰማነው። በአራስነት ጥቂት ቀን ሆድን ደገፍ የሚያደርግ ለስላሳ ነጠላ ክፋት የለውም። ቆዳ ላይ መስመር የሚያወጣ፣ በሆድ መተንፈስ የሚከለክል ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይፈታ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወገብዎ ባዶ የቀረ፣ ሆድዎ የሚወርድ ይመስልዎታል፤ ማህፀን ወረደ ማለት አይደለም፣ ሥራ የፈታ የሆድ ጡንቻ ነው። ከእናትዎ ጋር አይጣሉ፤ ለበዓል በቀሚስ ላይ ላላ አድርገው ይታጠቁት።

ሥራው እንግዲህ ይህ ነው። በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ይጠፉ። ሰው መሐል ፈስ እንዳያመልጥዎት የሚይዙ ያህል ፊንጢጣዎን ይጭበጡ፤ ጭብጡን ወደ ፊት ወደ ሽንት መውጫው ይሳቡና ወደ ላይ ያንሱት። መቀመጫና ታፋ አይወጠሩም፤ ትንፋሽም አይታፈንም። በመስታወት ቢያዩት በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ውጭ ከተነፋ እያማጡ ነው፤ ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፣ ወራት ሙሉ እያማጡ «ስፖርቱ አልሠራልኝም» ይላሉ። አየር እያወጡ ለ3 ሰከንድ ይያዙ፣ ለ10 ሰከንድ ይልቀቁ። መልቀቁም የሥራው ግማሽ ነው። 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፤ ሰከንዱን በየሳምንቱ እየጨመሩ እስከ 10 ያድርሱት። ተኝተው ሲቀልዎት ተቀምጠው፣ ከዚያ ቆመው። ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ እያቋረጡ አይለማመዱ፤ ፊኛው ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣለት ያደርጋል። ከ3 ወር በፊትም አይፍረዱ።

በግንኙነት ጊዜ የሚያምዎት ወይም ሽንት ለመጀመር የሚቸገሩ ከሆነ ግን መጭበጡን ያቁሙ። የአንዳንድ ሴት ጡንቻ የረገበ ሳይሆን ፍርሃት ወይም የተሰፋበት ጠባሳ ያኮማተረው ነው፤ እሷ መጀመሪያ መልቀቅን መማር አለባት። ፊዚዮቴራፒስት (ጡንቻን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ቀጥታ ወደ ጡንቻው ሳይሄድ አተነፋፈስን፣ ወገብን፣ ሆድ ድርቀትን፣ እንቅልፍንና ጭንቀትን የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ሳል ሲመጣ ቀድመው ይጭበጡ፣ ከዚያ ይሳሉ። የዓሣውን ሳጥን ወደ ሆድዎ አስጠግተው፣ ቀድመው ጨብጠው፣ አየር እያወጡ ያንሱ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለሁለት ይክፈሉት ወይም ለጋሪ ይስጡት። ውሃ ግን አይቀንሱ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ድርቀት ያመጣል፣ በድርቀት ማማጥ ደግሞ ጠፍሩን መልሶ ያረግበዋል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጡ፤ ተልባና ጎመን ያዘውትሩ፤ ከቡናው አቦል ይብቃዎት፣ ቶናውና በረካው ለእንግዳ ይሁን። «ለማንኛውም» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ መሽናትም ፊኛን ያሰንፋል።

ስግደቱን አይተዉ፤ ለጊዜው ቁጥሩን ይቀንሱ። ሲነሱ ጨብጠው፣ አየር እያወጡ ይነሱ። ሞዴስ አድርጎ ማስቀደስ ነውር የለውም።

እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ይሂዱ። 14 ወር ጠብቀዋል፣ በቃ። ሴት ባለሙያ እንድታይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጡንቻው በጣት ተመርምሮ ጥንካሬው እንዲለካም ይጠይቁ። በብልት በኩል እንደ እንቁላል የሚወርድ ነገር ከተሰማዎት አይደብቁ፤ ከቀዶ ጥገና በፊት ብልት ውስጥ በሚቀመጥ ቀለበት የሚደገፍበት መንገድ አለ። የሦስት ቀን ማስታወሻም ይያዙ፦ ምን ያህል ጠጡ፣ ስንት ጊዜ ሸኑ፣ ምን ሲያደርጉ አመለጠዎት። የሲፕሮውን ባዶ ካርዶችም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መቼና ስንት እንደወሰዱ ማወቅ አለበት።