አራት ሲሊንደር ወይስ ስድስት?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተሽከርካሪ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ ነው። ያገለገለ የ2018 ቢኤምደብሊው ለመግዛት ሁለት መኪኖች አይቻለሁ፤ አንዱ ባለ አራት ሲሊንደሩ 530አይ፣ ሌላው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 540አይ ነው። የተጓዙት ርቀት ተቀራራቢ ቢሆንም ባለ ስድስቱ በዋጋ ከፍ ይላል። ጓደኞቼ «ቱርቦ ያለው አራት ሲሊንደር ከስድስት አያንስም፤ ገንዘብህን አታባክን» ይሉኛል። በሥራ ቀናት ከተማ ውስጥ እነዳለሁ፤ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወደ ተራራው እወጣለሁ። የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በቅድሚያ በጓደኞችዎ ምክር ውስጥ ያለውን አንድ ስሕተት ላርም። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ፣ ያለው አራቱ ብቻ ሳይሆን ስድስቱም ነው። እንዲያውም የሁለቱ ሞተሮች ሲሊንደሮች በስፋትም በፒስተን (ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለሰው ብረት) ምልልስም እኩል ናቸው፤ ስፋታቸው 82 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ 94.6 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱ ሲደመሩ 1,998፣ ስድስቱ ሲደመሩ 2,998 ሲሲ ይሆናሉ። ስለዚህ 530አይ 248 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው 540አይ 335 አለው፤ የመጠምዘዝ ኃይላቸውም 350 እና 450 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ልዩነት ማንም ሰው መሪ ላይ ተቀምጦ ያውቀዋል።

የጓደኞችዎ አባባል ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቢኤምደብሊው ከ530አይ በፊት አሜሪካ ይሸጠው በነበረው 528አይ ላይ ቱርቦ አልባውን ባለ ስድስት ሲሊንደር በ2012 ሞዴል አውጥቶ ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ አራት ሲሊንደር ሲተካ፣ ሁለቱም 240 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ግን አራቱ ይበልጥ ይጎትት ነበር። እንደ እርስዎ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የኦሮራ ጎረቤት የሆነችው ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቱርቦ በሌላት መኪና የእንጦጦን ዳገት ወጥተው ከሆነ ነገሩን ያውቁታል። ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከዚህ ጉድለት አብዛኛውን ይሞላል። እርስዎ ያዩዋቸው መኪኖች ግን ሁለቱም ቱርቦ ስላላቸው ይህ ክርክር በእነርሱ ላይ አይሠራም።

ለእኔ የስድስት ሲሊንደር ትልቁ ዋጋ ጉልበቱ ሳይሆን ልስላሴው ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ፒስተን በምልልሱ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ይልቅ ስለሚፈጥን ግፊታቸው ሙሉ በሙሉ አይጠፋፋም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ ንዝረት ይተርፋል። ይህን ለማስታገስ ሞተሩ ውስጥ በእጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት የሚዛን ዘንጎች ይገባሉ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ግን ያለ ምንም ረዳት ራሳቸው እርስ በርስ ይመጣጠናሉ፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረው የነዳጅ ፍንዳታም በየግማሽ ዙሩ መሆኑ ቀርቶ በየአንድ ሦስተኛው ዙር ስለሚመጣ ጉልበቱ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ከተማ ውስጥ በቀስታ ሲነዱ ይህን ላያስተውሉት ይችላሉ። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭነው በአይ-70 መንገድ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ሲወጡ ግን አራቱ ማርሽ ቀንሶ፣ ዙሩን አንሥቶና ድምፁን አጉልቶ ይጎትታል፤ ስድስቱ በያዘው ማርሽ ተረጋግቶ ይወጣል። የኋላ ወንበር ላይ ልጅ ተኝቶብዎት ከሆነ ልዩነቱን ከሁሉ በፊት እርሱ ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ አራቱ ነዳጅ ይቆጥባል፤ አፍንጫውም ስለሚቀልል መታጠፊያ ላይ ቀልጠፍ ይላል። ከከተማ የማይወጡ ቢሆኑ ኖሮ ያለ ማመንታት አራቱን እመክርዎት ነበር። ቤተሰብ ይዘው ተራራ የሚወጡ ስለሆነ ግን የዋጋው ልዩነት ኑሮዎን እስካልነካ ድረስ ስድስቱን ይውሰዱ።

ሆኖም ከሲሊንደር ቁጥር የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጥገና መዝገቡ ነው። መዝገቡ የተሟላ አራት ሲሊንደር፣ መዝገብ ከሌለው ስድስት ሲሊንደር እጅግ ይሻላል። ዘይቱ በየስንት ማይል እንደተቀየረ ይመልከቱ፤ ፋብሪካው እስከ 10,000 ማይል ቢፈቅድም ብዙ መካኒኮች ለቱርቦ ሞተር 5,000 ይመርጣሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሻጩን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው አደራ ይበሉት። በጠዋት ሄደው ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ያስነሡና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት መንኳኳት መኖሩን ያዳምጡ። ከዚያም በባትሪ መብራት የዘይት ማጣሪያው በተቀመጠበት አካባቢ ይመልከቱ፤ እዚያ ያረጀ ጋስኬት (ማሸጊያ ጎማ) ዘይት ያልባል። የራዲያተር ውኃው ከምልክቱ በታች ከወረደም ምክንያቱ ሳይታወቅ አይፈርሙ፤ ሙቀት ያደረቃቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ቀስ እያሉ ያፈስሳሉና።

የትኛውንም ቢገዙ ስለ ቤንዚኑ ይጠንቀቁ። በኮሎራዶ ማደያዎች ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት መለኪያ) ነው። ይህ ለእነዚህ ቱርቦ ሞተሮች አይበቃም፤ እርስዎ 91 የሚለውን ይቅዱ።