መለኪያው አልዋሸም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ድሬ ከዚራ ነኝ። ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ይዞት የመጣውን የሚያስቃዥ እንጉዳይ በርጫ ላይ ቀመሰና ልቡ ድው ድው ሲልበት በእናቴ መለኪያ ለካሁት፣ 165/100 አለኝ፣ ሌላ ጊዜ እኮ ከ130 አያልፍም። ጓደኞቹ አቦ ፈርቶ ነው ምንም የለውም አሉ። እውነት ፍርሃት ብቻ ነው? እናቱ ግፊት አለባት።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትም ይጨምራል ግን መለኪያው አልዋሸም። እንጉዳዩ የሚሰራው ሴሮቶኒን የሚባለውን የሰውነት ኬሚካል መስሎ ነው። ሴሮቶኒን ሲባል ሰው የደስታ ሆርሞን ምናምን ብቻ ይመስለዋል፣ አብዛኛው ግን አንጀት ውስጥ ነው ያለው፣ ደም ውስጥም ፕሌትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋው ሴል ተሸክሞት ይዞራል፣ መጀመሪያ እንደውም ደም ስር የሚያጠብ ነገር ተብሎ ነው ከደም ተለይቶ የወጣው፣ በ1948 እ.ኤ.አ.። እንጉዳዩ ውስጥ ያለው ሲሎሳይቢን ሰውነት ውስጥ ሲሎሲን ይሆንና ሴሮቶኒንን መስሎ ይገባል፣ አንጎል ላይ ሲያርፍ ቅዠት፣ የደም ስር ጡንቻ ላይ ሲያርፍ ደግሞ መጥበብ። ኤልኤስዲ የሚባለው ሌላው የሚያስቃዥ ዕፅም እንደዛው ነው። ኤልኤስዲ የመጣው እህል ላይ ከሚበቅለው ኤርጎት ከሚባል ፈንገስ ነው፣ ይሄ ፈንገስ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ ከሲናር ጋር ተበልቶ የስንቱን እግር ደም ስር ዘግቶ አበስብሷል፣ ደም ስር ሲጠብ ምን እንደሚያደርስ እኛ ሀገር አይተነዋል።

ጤነኛ ሰው ላይ የእንጉዳዩ ግፊት በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። እኔን ያስፈራኝ በርጫው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን እያስለቀቀ ልብን ያስሮጣል፣ እንጉዳዩ በዛ ላይ ደም ስሩን ያጠባል፣ እናቱ ግፊት ያለባት ልጅ ደግሞ ሳያውቀው ግፊት ሊኖርበት ይችላል። የድብርት መድሃኒት ወይ ትራማዶል የሚባለውን የህመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ በደንብ ጠይቂው፣ እነሱም ሴሮቶኒን ላይ ነው የሚሰሩት።

አሁን ሳይቅም፣ ቡና ሳይጠጣ፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ብሎ ጠዋትና ማታ ለሳምንት ይለካ፣ 140/90 እና ከዛ በላይ እየደጋገመ ከመጣ ሀኪም ጋ ይሂድ። እንደገና ወስዶ ደረቱን ካመመው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ምላሱ ከተያዘ ወይ ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ከተገተረ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂውና የወሰደውን በግልጽ ንገሪያቸው፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። የእናትሽን የግፊት ኪኒን ደግሞ በራስሽ እንዳትሰጪው፣ እሺ?