ችግኝ ነው ደመወዝ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ክረምት ሲቃረብ ሰው ሁሉ ስለ ዛፍ ያስባል። በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ በገጠር ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ስለሚያስተምሩ ድርጅቶች ናቸው። እንዴት እንርዳቸው ትላላችሁ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከአዘዞ፦ በወር 100 ብር ብልክ ያሳፍራል?

አያሳፍርም። በየወሩ መሆኑን ብቻ አትርሳ።

ማራኪ አካባቢ ያለ ነጋዴ፦ ጠቀም ያለ ገንዘብ ልሰጥ ነው። ከግብር ይቀነስልሃል አሉኝ። እውነት ነው?

በከፊል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ጣሪያው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ነው። የሚቀነሰው ከገቢህ ነው እንጂ ከምትከፍለው ግብር አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳትና በኋላ ከገቢዎች ጋር ይጨቃጨቃል። ድርጅቱ የምዝገባ ወረቀቱን ያሳይህ፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ተቀበል። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልና ብሩን ከማስተላለፍህ በፊት የሒሳብ ባለሙያህን አማክር። ከሰጠህ በኋላ ሳይሆን በፊት!

አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጣም ተቆጥታ

ባለፈው ዓመት ወገራ ውስጥ የሚሠራ አንድ ድርጅት ረድታለች። ሪፖርቱን ስታየው የብሩ ትልቁ ክፍል ለአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ወጥቷል። «ችግኝ ግዙ አልኩ እንጂ ሰው ቅጠሩ አላልኩም» ትላለች።

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ከሥራው ሁሉ ርካሹ ችግኙ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መትከልና ፎቶ መነሳት ማንም ያውቅበታል። መስከረም አልፎ ዝናቡ ይቆማል። አዝመራው ሲነሳ ከብቱ ይለቀቃል። መጋቢት ላይ ምንጩ ራሱ ይደርቃል። ያን ጊዜ ችግኙን ማን ያጠጣዋል? ማንስ ከፍየል ይጠብቀዋል? የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ናቸው፤ ያውም ክበቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካለ። ያ ሰው ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በመኪና ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ ነው። ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ከብት አስሮ ስለመቀለብ ያወራል። በአንድ ቀን አያሳምነውም፤ ይመላለሳል። ቤተሰብም አለው፤ ይበላል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አስቢ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። እዚያ ያደረሰው የችግኝ እጥረት አይደለም። የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ እርሻ፣ ሰፈራና ልቅ ግጦሽ ነው። ይህ ሁሉ የሰው ጉዳይ ነው፤ ከሰው ጋር የሚነጋገር ሰው ይፈልጋል። ደግሞ የገጠር ነገር ብቻ አይምሰልሽ። ከላይ ካለው ማሳ የሚታጠበው አፈር የጎንደር ከተማ ውሃ በሚጠጣበት አንገረብ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይቀመጣል። ግድቡ በደለል በሞላ ቁጥር ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛው ከተሜዎቹ ነን።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ገጠር ወርዶ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ግን የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ቀይሪው። የዋናው ቢሮ ኪራይ ስንት ነው? በሆቴል ስንት ዎርክሾፕ ተደረገ? ከሁሉም በላይ፣ ካቻምና ከተተከለው ስንቱ ጸድቋል? «ይህን ያህል ሺህ ተክለናል» ብቻ ካሉሽ ያኔ ተቆጪ። እኔም አብሬሽ እቆጣለሁ።

ከዋሽንግተን፦ ልጆቼ ያነበቧቸውን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በካርቶን ልላክ?

ይቅርብሽ የኔ እህት። ለማጓጓዣ የምታወጪው ብር ይበልጣል፤ ዳባት ያለ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚማረውም በአማርኛ ነው። ብሩን ላኪው። እዚያው ከታክስ እንዲቀነስልሽ ከፈለግሽ ግን በአሜሪካ ሕግ በታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል መሆን አለበት፤ በቀጥታ ጎንደር ላለ ድርጅት የላክሽው አይያዝልሽም። ዝርዝሩን ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ልጅ በስሜ ላስተምር። ፎቶዋንና ያለችበትን በየወሩ ይላኩልኝ?

ማስተማሩ ጥሩ ነው። ፎቶውና አድራሻው ግን አይሆንም። የልጅ ስም፣ ሰፈርና ፎቶ ለማያውቀው ሰጪ አሳልፎ የሚሰጥ ድርጅት ካገኘህ ሽሽ፤ የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳ ቢሮም ንገር። ይህን በዋዛ አትለፈው። ከተቻለህ ደግሞ የምትረዳው ክበቡን ይሁን። አንዷ አዲስ ቦርሳ ይዛ ስትመጣ የቀሩት የክፍሏ ልጆች ያያሉ።

እድራችን ለአንድ ትምህርት ቤት ሊለግስ ነው። ታፔላ ላይ ስማችን ይጻፍ ብንልስ?

መጀመሪያ የታፔላውን ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ ይጻፍላችሁ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መያዙን ግን አትዘንጉ፤ የእድር ጸብ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

የወላጅ ኮሚቴ፦ ስፖንሰር አግኝተናል። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ብንተክልስ?

ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፤ ለምን እንደወደዳችሁት አውቃለሁ። ምንጭ አጠገብ ግን አይሆንም፤ ውሃውን ይጨርሰዋል። ደጋ ከሆናችሁ ወይራና ኮሶ፣ ዝቅ ካላችሁ ዋንዛ አስቡ። አፈሩን የሚያውቀው የቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ነውና እሱን ጥሩት። ጉድጓዱን ዝናብ ሳይገባ አስቆፍሩ፤ ስፖንሰራችሁንም የበጋውን ውሃ የሚያመላልስ ሰው እንዲከፍልላችሁ ካሁኑ ጠይቁት።